ዝም የሚል ሳጥን

ጥቅምት 9

የወንድሜ የይስማው ፒካፕ ግቢዬ ገባ።

ጥቅምት 10

ትናንት ከዚያ በላይ ለመጻፍ ጊዜ አልነበረኝም። ይህ የሥራ ደብተሬ ነው። የከበሮ ቁመት፣ የአፍ ስፋት፣ ያዘዘው ደብር ስም ይጻፍበታል። ከኋላው በኩል ግን ባዶ ገጽ ብዙ አለው፤ ከዚያ ጀመርኩ።

ይስማው በነሐሴ ካረፈ ጀምሮ መኪናው ቆሞ ነው የከረመው። ሚስቱ ያለምወርቅ መሸጥ ትፈልጋለች። አንድ የቁይ ከተማ እህል ነጋዴ ዓይኑን ጥሎበታል። ልጃቸው ወንጌላዊት ደግሞ አይሸጥም ባይ ናት። ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ዑበይዱላህ ሱቅ የመኪና ቴፕና ስፒከር ትገጥማለች። ሐሳቧ ፒካፑ ላይ ትልቅ ቤዝ ጭና ለሠርግ ማከራየት ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን ከሱቁ ታገኛለች። የጎደላት ሳጥኑ ነው።

ትናንት ሦስታችን መኪናው አጠገብ ቆመን ነበር።

«እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ» አለች ያለምወርቅ። «እስከዚያ ሥራ ካገኘ ይቆይ። ካላገኘ የቁዩ ሰውዬ ይወስደዋል።»

«ያገኛል» አለች ልጅቷ።

«አንቺን አልጠየቅሁም። ጋሼን ነው። ጆሮ ያለዎት እርስዎ ነዎት፤ ሳጥኑን ሠርተው ‹ሙሉ ነው› ካሉኝ አምናለሁ።»

‹ሙሉ ነው› የእኛ ቤት ቃል ነው። ከበሮ ካለቀ በኋላ ሠሪው በካህናቱ ፊት መትቶ፣ አዳምጦ፣ ‹ሙሉ ነው› ካላለ ደብሩ አይረከበውም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲለው ኖረ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ብዬዋለሁ። አንድም ከበሮ አልተመለሰብኝም።

እሺ አልኳት።

ጥቅምት 13

ወንጌላዊት ልኩን በወረቀት ሥላ አመጣች። ፊት ለፊቱ ሁለት ቀዳዳ አለው። ትልቁ ለስፒከሩ ነው። ሁለተኛውን መተንፈሻ ትለዋለች፤ ባለ አራት ኢንች ቱቦ በእሱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። የቱቦው ስፋትና ርዝመት ከሳጥኑ ጋር ተሰልቷል አለች።

«ቀዳዳ ያለው ከበሮ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ምን ይላል?»

«ምንም።»

ሳቀች። ስትስቅ አገጯ የይስማው ነው። «ይሄ ከበሮ አይደለም አጎቴ። ከበሮ ላይ ቆዳውም እንጨቱም ይናገራል። እዚህ የሚናገረው ስፒከሩ ብቻ ነው፤ እንጨቱ ዝም ማለት አለበት። ወፍራም ኤምዲኤፍ ይሁን። ውስጡ ደግሞ መደገፊያ ያስገቡለት።»

ዝም የሚል እንጨት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም።

ጥቅምት 17

ስፒከሩን ልቀበል ዑበይዱላህ ሱቅ ሄድኩ። ክብደቱ የጥጃ ነው።

«ጋሽ ገዳሙ፣ ለፒካፕ ከበሮ ሊሠሩ ነው ሲሉኝ አላመንኩም» አለኝ። «ቀጥሎ ለባጃጅ ኮርቻ ያበጁላት ይሆናል።»

«አንተ ባጃጅ ግዛ፣ ኮርቻው በእኔ ይሁን።»

ሱቁ ሙሉ ሰው ሳቀ። ከዚያ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ከውጭ መኪና ያልፍ ስለነበር አልያዝኩትም። «አዎ» አልኩት። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንጌላዊት ከኋላ መጥታ እጄን ያዘችና «በምን ይወስዱታል ነው የሚልዎት አጎቴ» አለችኝ። ያ መንገድ በጣም ይጮኻል፤ እንዴት እንደሚሠሩበት አላውቅም።

ጥቅምት 21

ቀኑን ሙሉ ሣንቃ ሳገላብጥ ዋልኩ። ከጓዳው ጥግ አምስት የዋንዛ ሣንቃ አለኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከይስማው ጋር ከደብረ ኤልያስ ያመጣነው ነው። ነፋስ የጣለው ዛፍ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ «ለከበሮ ከሆነ ውሰዱት፤ ለማገዶ ከሆነ እኔም አለኝ» አሉን። ግንዱ ከፒካፑ ወደ ኋላ ስለተረፈ ይስማው ቀይ ሹራቡን አውልቆ ጫፉ ላይ አሰረው። በዚያ ብርድ በሸሚዝ እየነዳ መጣ። ስናወርድ ሹራቡን ረሳው። ከእንጨቱ ጋር እኔ ቤት ከርሞ አይጥ ጨረሰው።

ያን ጊዜ የማንሄድበት አልነበረም። አንድ ክረምት ሁለት ከበሮ ጭነን ወደ መርጡለ ማርያም ስንሄድ ጭቃ ያዘን። የመንደሩ ሰው ሊገፋን ወጣ። ይስማው «በባዶ አይገፋም» ብሎ አንዱን ከበሮ አወረደ። የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለዘፈን አይሆንም ብዬ ተቆጣሁ። «ገና አልተባረከም እኮ፤ ዛሬ ካልዘፈነ መቼ ይዘፍናል?» አለኝ። እሱ መታ፣ ሰዉ እየጨፈረ ገፋ፣ መኪናው ወጣ። ከበሮውን ሳስረክብ አዲስ ቆዳ ላይ የጭቃ አሻራ ነበረበት። መሪጌታው አይተው ተረከቡኝ።

ሲመለስ ገና ከመታጠፊያው ያፏጫል። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ‹በሩን ክፈት› ማለት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው የምንጠራራው። ከሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ ግን ፉጨቱን ተወና ክላክስ መንፋት አመጣ። በሬ ላይ ቆሞ ጎረቤት እስኪቆጣ ይነፋል። «ሰነፍህ፤ ጣትህን ማንሳት ከበደህ» አልኩት አንድ ቀን። ሳቀብኝ።

ኤምዲኤፍ ምንድን ነው? የመጋዝ ብናኝ በኮላ ተቦክቶ። የይስማው መኪና ላይ የሚጫን ሳጥን ከዚህ ሣንቃ ይሠራል። ወስኛለሁ።

ኅዳር 2

ሣንቃውን በመላጊያ አሳሳሁት፤ አሁን የአውራ ጣት ያህል እንኳ አይወፍርም። ስመታው ይመልስልኛል። አባቴ እኔንና ይስማውን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከበሮዎቹን በየተራ ይመታ ነበር። የትኛው እንደተመታ መንገር አለብን። እኔ አልሳሳትም። ይስማው አንድም ቀን አላገኘውም፤ ሹፌር የሆነው ለዚህ ነው።

መደገፊያ አላስገባሁም። እንጨቱን ያፍነዋል።

ባለ አራት ኢንቹ ቱቦ እጅ ያስገባል። በዚያ ሁሉ ቀዳዳ ድምፁ ሲፈስ ታየኝ። ከውኃ መስመር የተረፈ ባለ ሁለት ኢንች ነበረኝ፤ እሱን አስገባሁ። ፊቱን በጥቁር ጨርቅ ሰፍቼ ሸፈንኩት። ለልጅቷ አልነገርኳትም። መንገር የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ኅዳር 8

ሳጥኑን ከጋቢናው ጀርባ ጭነቱ ላይ አስረን ሞከርነው። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የዘመናይ ድስት ክዳን ከምድጃው ወደቀ አሉ። ሚስቴ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ወንጌላዊት ግን አልሳቀችም።

«ያፏጫል አጎቴ።»

«ምኑ?»

«አይሰማዎትም? ከመተንፈሻው በኩል። ጎኑም እንደ ላላ ቆርቆሮ ይላል።»

ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ቤዙ ደረቴን ሞላው። ሌላ ነገር የለም።

«ጨርቁን ልፍታና ቱቦውን ልየው» አለች።

«የተሰፋ አይፈታም።»

የአባቷ ታላቅ ነኝና ተወችው። ያለምወርቅ ተጠርታ መጣች። በፊቷ በመዳፌ ሳጥኑን መታሁ። አዳመጥኩ።

«ሙሉ ነው» አልኩ።

ኅዳር 12

የሚካኤል ንግሥ። ከበሮው የእኔ ሥራ ነው፤ ስድስት ዓመቱ። ጥሩ አድርጎ ይዟል። ጸናጽሉ ግን ተበላሽቷል። ዲያቆናቱ እጃቸውን ያወዛውዛሉ እንጂ ድምፅ አይወጣም። ታቦቱ ከገባ በኋላ መሪጌታ ወልደ ሰንበትን «ልጆቹ ጸናጽል መያዝ ረስተዋል» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። «ገዳሙ፣ ዛሬ እንዲያውም አብዝተውት ጆሮዬን ይዤ ነበር» አሉ።

መሪጌታ ጨዋታ ይወዳሉ።

ኅዳር 13

ነገ የጎረቤታችን የአመተ ማርያም ልጅ ቀለበት ነው። የነቢያት ጾም ሳይገባ ቸኩለው ነው። ያለምወርቅ ፒካፑን ለሙከራ ፈቀደች። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ሰው ከወደደው የጥር ሠርግ ይከተላል።

ኅዳር 14

ተበላሸ።

ኅዳር 15

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ፒካፑ አመተ ማርያም በር ላይ ቆመ። ሰዉ ከድንኳን ወጥቶ ከበበው። የመጀመሪያው ዘፈን እንደተለቀቀ ጥሩ ነበር፤ ወጣቶቹ እስክስታ ያዙ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አኮማተሩ። ሕፃናት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ከምቱ ጋር እኩል መንፋት ጀመሩ። ደስ ብሏቸው ይመስል ነበር። እኔም አጨበጨብኩላቸው። ሰው ሁሉ ሲስቅ ሳቅሁ።

አጠገቤ ያለምወርቅ አለመሳቋን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

«ጡሩምባ ነው ቤዝ?» አለ አንዱ።

መኪናውን ነድቶ ያመጣው ሹፌር እንዳላማው መጣ። እንዳላማው ስለ መኪና የማያውቀው የለም፤ ራሱ እንደሚለው። «ይሄ የሽቦ ነው» አለ። «ሽቦው በደንብ ካልተያዘ ሞተሩ በስፒከር ያፏጫል። ስንት መኪና ላይ አይቻለሁ።»

ያለምወርቅ ወደ ልጇ ዞረች። «ጋሼ ሙሉ ነው ያሉትን ሳጥን በሽቦሽ አበላሸሽው። በሰው ድግስ አዋረድሽኝ።»

«ሞተሩ ጠፍቷል እኮ እማ» አለች ወንጌላዊት።

ማንም አልሰማትም። ማለቴ ሁሉም ሰምቷል፤ ማንም ነገሬ አላላትም። እሷም እናቷን ትታ ወደ እኔ አየች። በዚያች ደቂቃ የቱቦውን ነገር መናገር ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጫማዬን አየሁ።

ኅዳር 16

ቱቦው ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የሽቦን ነገር እኔ አላውቅም።

ኅዳር 24

ፉጨታሙ ፒካፕ ይሉታል። ዛሬ ገበያ ላይ ሰማሁ። ሁለት ሠርግ ሊይዙት አስበው የነበሩ ሰዎች ትተውታል። ወንጌላዊት ወደ ግቢዬ መምጣት አቁማለች። ዑበይዱላህ ሱቅ በር ላይ አየኋት፤ ሰላም አለችኝ፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ። ቢቀርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ባሕር ዳር ሥራ እያፈላለገች ነው አሉ።

ዘመናይ ምሳ ላይ ተቆጣች። አራት ጊዜ ጠርታኝ ዝም አልኳት አሉ። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 4

ጨርቁን ፈታሁ።

ዘመናይ ጤፍ ስታበጥር አንድ እፍኝ ወሰድኩባት። ሳጥኑን በአንድ ጎኑ አስተኝቼ ሌላው ጎኑ ላይ በተንኩትና ዘፈን ለቀቅሁ። ጤፉ ዘለለ። መሃሉ ላይ አንድ ፍሬ አልቀረም፤ ሁሉም ሸሽቶ ጠርዝ ላይ ተሰለፈ። እንጨቱ ስፒከሩን ትቶ የራሱን ይዘፍናል። ልጅቷ ያለችው ይሄን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንጨት እንዲናገር ስሠራ ኖሬ፣ ዝም እንዲል የተለመንኩትን አናገርኩት።

ከዚያ ጧፍ ለኩሼ ቱቦው አፍ ላይ ያዝኩ። በምቱ ልክ ጠፋ። ደግሜ ለኮስኩ፤ ጠፋ። አየሩ ጣቴን እንደ መርፌ ይወጋል። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ያ ሁሉ አየር ሊወጣ ሲታገል እንዳያፏጭ ምን ያደርገዋል?

ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጠፍኩ። ቤዙ አለ። ሌላ የለም።

ዘመናይ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያፏጨው? ጥርሴን በላው እኮ።»

«ጆሮሽ ስስ ነው» አልኳት።

ጧፉን ከእጄ ወሰደች። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ «ይስማውም ይለኝ ነበር» አለች።

«ምን ይልሽ ነበር?»

«ተወው፤ ጤፌን ሰብስብልኝ።»

በጉልበቴ ተንበርክኬ ጤፍ ለቀምኩ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ቀና ብሎ ሰው ማየት አያስፈልገውም።

ታኅሣሥ 19

ሁለተኛው ሳጥን አለቀ። በወፍራም ኤምዲኤፍ፣ ድርብ ፊት፣ ውስጡ መስቀለኛ መደገፊያ አለው። መገጣጠሚያው ሁሉ በኮላና በሲሊኮን ተደፍኗል። ባለ አራት ኢንች ቱቦ፣ በወረቀቷ ልክ።

ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው። አባቴ የከበሮን አፍ ጠርዝ እንደ ከንፈር ያዞረው ነበር፤ ሹል ጠርዝ ቆዳ ይቆርጣል። የቱቦውን አፍ እንዲሁ አዞርኩት። ቀርቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ጣት ሲያልፍበት የትም እስከማይደናቀፍ። አየርም ቢሆን እንደ ቆዳ ነው፤ ሹል ነገር ላይ ይቀደዳል ብዬ ነው። አባቴ ቢያየኝ ምን እንደሚል አላውቅም። ምናልባት ‹ለምን ቀዳዳ አበጀህለት?› ይል ነበር፤ እንደ እኔው።

በመዳፌ መታሁት። ምንም አላለም። ድፍን። እንጨት መታሁ ወይስ መሬት? ሲያስደስተኝ ተገረምኩ።

የዋንዛውን ሳጥን አልሰበርኩትም። ጓዳ ነው።

ጥር 2

ወንጌላዊትን በዑበይዱላህ አስጠራኋት። ሁለቱም መጡ። የመጀመሪያውን ሳጥን ፈትቼ አሳየኋት። ጠባቡን ቱቦ አወጣችና በእጇ ይዛ ቆየች። እየነካካች አገላበጠችው።

«ሁለት ኢንች» አለች።

«አዎ።»

ቱቦውን መሬት ላይ በዝግታ አስቀመጠችው፤ የሚሰበር ይመስል።

አዲሱን ሳጥን ገጠመች። ጤፍ በተንኩበት፤ ባለበት ተቀመጠ። ጧፍ ያዝኩ፤ ነበልባሉ ጎንበስ ቀና አለ እንጂ አልጠፋም። ዑበይዱላህ «ወላሂ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ቤዝ እዚህ ከተማ የለም» አለ። አንገቱን ወደ እኔ አስግጎ ነው የሚያወራኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላስተዋልኩም።

«ሙሉ ነው ይበሉ እንጂ አጎቴ» አለች ልጅቷ።

«አንቺ በይው።»

ደነገጠች። ከዚያ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። «ሙሉ ነው።»

ከኪሷ ፍላሽ አወጣች። የአባቷን የድሮ ካሴቶች ገልብጣበታለች። የለቀቀችው የእኔና የዘመናይ ሠርግ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ። ይስማው ይዘፍናል፣ እኔ ሙሽራው ራሴ ከበሮ ነጥቄ እመታለሁ። ሚዜዎቹ ሊያስጥሉኝ ይታገሉ ነበር። ከበሮው አሁንም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እጄን አወቅሁት። የይስማው ድምፅ ግን ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ሰው ሆኗል። ቃሉ አይለይም። ካሴት ሲያረጅ እንዲህ ነው።

መጨረሻው ላይ ዘመናይ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዑበይዱላህ ሳቀ። ወንጌላዊት ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ሳቅሁ።

«ፉጨቱን ሰሙት?» አለችኝ ወንጌላዊት።

«ሰማሁ እንጂ።»

«ስንት ጊዜ አፏጨ?»

«ሦስት ነዋ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።»

ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም። ዑበይዱላህ አምፕሊፋየሩን ማየት ጀመረ። ዘመናይ መሬት መሬቱን።

«አዎ» አለች ወንጌላዊት። «ሦስት ነው።»

ጥር 6

ዑበይዱላህ የእህቱን ልጅ የፋኢዛን ሠርግ ጥር 18 ይደግሳል። ፒካፑን ለሁለት ቀን እይዛለሁ ብሎ ራሱ ያለምወርቅ ቤት ሄደ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

«አይሆንም» አለች። «እስከ ጥምቀት ብያለሁ። ጥር 13 ሰውዬው ይመጣል።»

«አምስት ቀን ነው ልዩነቱ እትዬ ያለምወርቅ።»

«አምስት ቀን ቆይቼ በእርስዎም ድግስ ላይ ልዋረድ? የእሷ ሽቦ ያለበት መኪና ሁለተኛ ሰው ፊት አይቆምም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የጋሼ ሳጥን ሙሉ እንደነበር አውቃለሁ። እርስዎ የሚያፍሩበት ነገር የለም። አባቷ ሞልቃቃ አድርጎ አሳደጋት እንጂ ሥራ አታውቅም።»

ወንጌላዊት በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አንድ ቃል ብትናገር ያበቃ ነበር። ጠባቡን ቱቦ በእጇ ይዛ አይታዋለች፤ ማን እንዳስገባውም ታውቃለች። ሌላውንም ታውቃለች።

ሻይ ቀዳችልን።

ወጥተን መንገዱ ጋ ስንደርስ ዑበይዱላህ ቆመ። «ጋሽ ገዳሙ» አለኝ ጮክ ብሎ፣ «ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅዎን አውቃለሁ» አለ።

ጥር 9

ዘመናይን ጠየቅኋት። ካሴቱ ላይ ይስማው ስንት ጊዜ ነው ያፏጨው?

«አንድ» አለች። «ረጅም። ከዚያ ካሴቱ አለቀ።»

ጥር 11

ጥምቀት። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከዲያቆናቱ ፊት ሆነው ይመራሉ። ጸናጽሎቹ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃሉ። እጆቹ ሁሉ እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ለመሪጌታ ያልኳቸውን ባላልኩ ኖሮ።

ወንጌላዊት ከነገ ወዲያ ባሕር ዳር ልትሄድ ነው። ሻንጣዋ ታስሯል አለች ዘመናይ። የመኪናውን መሸጥ ማየት አልፈልግም ብላለች፤ ግን እናቷን ደጋግማ የጠየቀቻት ሳጥኑ ከመኪናው ጋር ይሄድ እንደሆነ ነው።

‹ጆሮዬ ነው› ካልኩ ከዚህ በኋላ ‹ሙሉ ነው› ስል የሚያምነኝ ደብር አይኖርም። የሠራኋቸውንም ሁሉ መለስ ብለው ይመታሉ። እየመቱ ያዳምጣሉ። ይህን ነው ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት። ታቦቱ አጠገቤ ሲያልፍ እንኳ ይህንኑ።

ጥር 13

ደላላው ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ያለምወርቅ የቤቱ ታላቅ እርስዎ ነዎት ብላ ሊብሬውን አስይዛ ላከችኝ። መኪናውን እንዳላማው አምጥቶ ደጅ አቁሞታል። የቁዩ ሰውዬ ይዞረዋል፤ ጎማውን በጫማው ይመታል።

ሳጥኑን አላወረድነውም።

ገዢው ገባ። ወፍራም፣ ሰላም ወዳድ ሰው ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ አወራኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሳቀ፤ ሳቅሁ። በምን እንደሳቅን አላውቅም። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ?

እንዳላማው ለገዢው ያስረዳል። እጁን ወደ ሳጥኑ ይቀስራል፣ ከዚያ እንደ ሽቦ ጣቶቹን ያጠላልፋል። ገዢው ራሱን ይነቀንቃል። ስለ ልጅቷ ነው።

ውሉ ተጽፏል። ደላላው እጁን ዘረጋ። «ሊብሬውን ያምጡት እንጂ ጋሽ ገዳሙ» ሳይል አልቀረም።

እየጻፍኩ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ አልኩ። ሒሳብ የምሠራ መስሏቸዋል።

ገዢው ተመልሶ ወጣ። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ክላክሱን ሞከረ።

እሱን ሰማሁት።

ደግሞ ነፋ። ሰማሁት። በሬ ላይ ቆሞ ጎረቤት እስኪቆጣ ይነፋ ነበር። ሰነፍህ አልኩት። አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ሳቀብኝ እንጂ። ልጁም እንደ እሱ ናት።

ያለምወርቅ በዚህ ሰዓት ቤት ናት፤ ሄጄ እነግራታለሁ። ቱቦው የእኔ ነው፤ ጆሮውም የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ትሽጠው፣ አትሽጠው፣ ልጅቷ ፊት ትወስን። ከሻንጣው በፊት መድረስ አለብኝ።

ሊብሬውን መልሼ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ደላላው ከኋላዬ የሆነ ነገር ይላል። እየወጣሁ ነው